የጊዮርጊስ ወይን በቡታጅራ

ኔሜአ፣ ግሪክ አገር
ጥር 20 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እህቴ ለወይዘሪት ዘርፈሽዋል ገሠሠ
ቡታጅራ

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ጋሼ ገሠሠ፣ እትዬ አሰገደች፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንደምን ከርሟል? የጊዮርጊስ አምላክ ደጃችሁን ይጠብቅልኝ። እኔ ከናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ። ይህን ቃል ደብዳቤ የሚጽፍ ሁሉ ይጽፈዋልና እንደ ልማድ አትለፊው፤ እኔ አስቤበት ነው የጻፍኩት።

አምስት ወር ሙሉ ዝም በማለቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሳልሰናበትሽ መሄዴንም እንደዚሁ። ዘር ቆጣሪው አባባ ሽባባው በአባትሽ ግቢ ተቀምጠው፣ ዘራችንን በጣታቸው ቆጥረው፣ «በእሱ በኩል ሰባት ቤት ነው፤ በእሷ በኩል ግን ስድስት። ሰባት ሳይሞላ ጋብቻ የለም። ከዛሬ ጀምሮ ወንድምና እህት ናችሁ» ካሉ በኋላ ምን ብዬ እንደምሰናበትሽ ጠፋኝ። ሽማግሌ የላክሁት ለሚስትነት ነበር፤ እህት ሰጥተው ሰደዱኝ። የመንግሥት የትምህርት ዕድሉ በዚያው ሳምንት ሲመጣ መንገድ አገኘሁ ብዬ ወጣሁ። እንግዲህ እንደታዘዝኩት እህቴ እልሻለሁ።

የምማረው የወይን እርሻ ነው። አገሩ ተራራማ ነው፤ ቤቶቹን ካልቆጠርሽ ከዝዋይ መልስ ወደ እኛ የሚያወጣውን ዳገት ይመስላል። እዚህ ካሉት ወይኖች አንዱን «አጊዮርጊቲኮ» ይሉታል። የቅዱስ ጊዮርጊስ ማለት ነው። ፍሬው ትንሽና ክብ፣ ልጣጩ ወፍራም፣ መልኩ ወደ ጥቁር የተጠጋ ቀይ ነው። ስሙን ስሰማ ደብራችን ትዝ አለኝ፤ ቄሰ ገበዙ ለቅዳሴ ዘቢብ አጥተው በነጋዴው በሰማን ሱቅ በር ላይ ቆመው፣ «ዛሬም ከዐረቦቹ አልመጣም?» ሲሉ።

አሁን ብርድ ነው፤ ወይኑ ቅጠሉን አራግፎ ተኝቷል። ተቆርጦ መንገድ መሄድ የሚችለው በዚህ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ በሚመለሱ አንድ አባ እጅ አሥራ ሁለት ቁራጭ ልኬያለሁ። በርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ። ጋሼ ገሠሠ ከጓሮ ጥቂት ቦታ ቢፈቅዱልኝ፣ ቀንበጥ ከሚወጣበት ዓይን ሁለቱን ከመሬት በላይ፣ ሁለቱን ከመሬት በታች አድርገሽ ትከዪልኝ።

ወንድምሽ
ተረፈ ኃይሌ


ቡታጅራ
መጋቢት 17 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለተከበርከው ወንድሜ ለአቶ ተረፈ ኃይሌ
ኔሜአ

በሄድክበት አገር እግዚአብሔር በጤና ያቆይህ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አባቴን ሳል ይዟቸው ነበር፤ አሁን ተሽሏቸዋል።

ደብዳቤህን ያመጣው ሰማን ነው፤ ከአዲስ አበባ፣ ከወንድሙ ከጀማሉ የፖስታ ሣጥን። አባባ ማንበብ እንደማይችሉ ታውቃለህና በደጅ ተቀምጠው፣ እማማም ቆማ፣ ሰማንም ሻንጣውን ሳያወርድ፣ እኔ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ናፍቆት የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ድምፄ ተቋረጠ። አባባ፣ «ጽሕፈቱ አይነበብም?» አሉኝ። «አዎ፣ ቀለሙ ፈሷል» አልኩ። እንግዲህ የምትጽፈውን ሁሉ ሰው እንደሚሰማው ዕወቅ።

ቁራጮቹ ደርሰዋል። አምስቱ መንገድ ላይ ደርቀዋል። ሰባቱን ከእንሰቱ በስተጀርባ፣ ፀሐይ በሚበዛበት በኩል ተከልናቸው። አባባ አጥሩን ራሳቸው አጠሩ። ከሰባቱ ሦስቱ ዓይናቸውን ገልጠዋል። የመጀመሪያዋን ቅጠል ያየሁ ቀን ከትምህርት ቤት ቀርቼ ብውል ደስ ባለኝ፤ ግን አርባ ሦስት ተማሪ ይጠብቀኝ ነበር።

ሰማን፣ «ወይኑ ለእናንተ፣ ፍሬው ለእኔ» ይላል። ቄሰ ገበዙ ደግሞ ገና ቅጠል ሳይሞላ መጥተው ባረኩት።

ሌላ ወሬ የለም። ከደብረ ብርሃን የመጣው የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ አቶ አለሙ ለአባባ ሽማግሌ ልኳል። ይህን የጻፍኩልህ ወንድም ስለሆንክ ነው።

እህትህ
ዘርፈሽዋል


ኔሜአ
ሐምሌ 9 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እህቴ ለዘርፈሽዋል

ለአንቺም ለቤተሰቡም ሰላምታዬ ይድረስ። ሦስቱ በመያዛቸው ያለኝ ደስታ ልክ የለውም። ክረምቱ ስለገባባችሁ ፈርቻለሁ። ይህ ወይን ጠባዩ አስቸጋሪ ነው። ጥማት አይችልም፤ ርጥበት ሲበዛበትም ይታመማል። በቅጠሉ ሥር ነጭ ሻጋታ ካየሽ ቅጠሉን ቆርጠሽ ከግቢ አውጪና አቃጥዪው። ነፋስ እንዲያገኘው ሐረጉን ከመሬት አንሺና በእንጨት ደግፊው። ቅርንጫፍ ማብዛት ይወዳል፤ ካልከለከሉት ጉልበቱን ሁሉ ቅጠል ላይ ይጨርሳል። በመጀመሪያው ዓመት ከአንድ ቀጥ ያለ ግንድ በስተቀር ሌላውን በጥፍርሽ ቆንጥጪ።

እዚህ ለብዙ ነገር ይሆናል። ከሸለቆው ግርጌ የበቀለው እጅግ ስለሚጣፍጥ ለጣፋጭ መጠጥ ያደርጉታል። ከዳገቱ ወገብ ላይ የሚገኘውን በበርሜል ዘግተው ዓመታት ያቆዩታል። ከላይ ከብርዱ የሚመጣው ቀለል ያለና ኮምጠጥ የሚል ነው፤ ጭማቂውን ከልጣጩ ቶሎ ይለዩትና የጽጌረዳ መልክ ያለው መጠጥ ይወጣዋል። ቀለሙ ያለው ልጣጩ ላይ ነውና። አንድ ዳገት ላይ፣ አንድ ዘር፣ ሦስት ዓይነት ጠባይ። ደግሞም ምላስ አያስርም፤ ብዙ ቀይ ወይን የሚያጎመዝዘውን ያህል አያጎመዝዝም። ጭማቂውን አፍልተው እንደ ማር ያወፍሩታል። ቅጠሉን እንኳ ሩዝ ጠቅልለው ይበሉታል። የሚጣል ነገር የለውም።

ትምህርቴ ደህና ነው።

ስለ አቶ አለሙ የጻፍሽውን አይቻለሁ። የተማረ ሰው መሆኑን ሰምቻለሁ።

ወንድምሽ
ተረፈ


ቡታጅራ
ጥቅምት 3 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለተረፈ

እግዚአብሔር ጤናህን ይስጥህ። እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰህ።

መስቀል ጥሩ አለፈ። ከአዲስ አበባ፣ ከጅማ፣ ከናዝሬት ያልመጣ ሰው የለም። በጀፎረው፣ በመንደሩ ሰፊ መንገድ ላይ ቆሜ የሚመጣውን ሁሉ አየሁ። ሰው እየመጣ ይስመኛል፤ እኔ ደግሞ ከኋላው ያለውን አያለሁ። እማማ፣ «አንገትሽን ምን አገኘው?» አለችኝ።

ሁለቱ ወይኖች ሞተዋል። ያልከውን ነጭ ሻጋታ ሐምሌ ላይ አየሁ፤ ቆረጥኩ፣ አቃጠልኩ፣ አልሆነም። አንዱ ብቻ ተርፏል። እሱም ያድጋል፣ ያድጋል፣ ምንም አያሳይም። አንተ በብርድ ቅጠሉን ያራግፋል ብለህ ነበር። የእኛ አይራገፍም፤ ያረጀ ቅጠልና አዲስ ቅጠል አንድ ላይ ተሸክሞ ቆሟል። አባባ፣ «ይህ ነገር አይተኛም እንዴ?» ይላሉ።

ስለ ወይን ሦስት ገጽ ጽፈህልኝ ነበር። ስለ አቶ አለሙ ሁለት መስመር። ለሰዎቹ ሳነብ ሁለቱን መስመር አነበብኩላቸው፤ አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ «ተረፈም ተስማምቷል» አሉ። እውነት ተስማምተሃል? ለአባባ ገና መልስ አልሰጠሁም።

ዘርፈሽዋል


ኔሜአ
ጥር 6 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እህቴ ለዘርፈሽዋል

በያላችሁበት ሰላም ሁኑልኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤነኛ ነኝ። ናፍቆቱ እንደተጻፈው ነው።

አባትሽ ትክክለኛውን ነገር ነው ያዩት። ወይናችሁ እንቅልፍ አጥቷል። እዚህ ብርዱ ያስተኛዋል፤ ተኝቶ ሲነሣ ነው የሚያፈራው። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ብርድ ስለሌለ መቼ እንደሚያርፍ አያውቅም። ሳያርፍ ኖሮ፣ ሳያፈራ ያረጃል። ብርዱን የምትፈጥሪለት አንቺ ነሽ። የሚመጣው ክረምት ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ፣ ውኃ ለሁለት ሳምንት ከልክይው። ከዚያ ቅጠሉን አንድ ሳታስቀሪ ልቀሚ። ከዚያ በስለት እያንዳንዱን ቅርንጫፍ ሁለት ዓይን ብቻ አስቀርተሽ ግረዢው። የሚያይሽ ሰው ገደለችው ይላል። አትስሚው። ውኃ ሲፈስ ካየሽ፣ ከቁስሉ ላይ እንደ እንባ ይወርዳል፣ አትደንግጪ፤ መንቃቱ ነው። በአራተኛው ወር፣ በበጋው መካከል፣ ፍሬው ይበስላል።

የሚቀጥለው ገጽ ለአንቺ ብቻ ነው። ጮክ ብለሽ አታንብቢው።

ዘርፌ፣ አልተስማማሁም። እንዴት እስማማለሁ? ሦስት ገጽ ስለ ወይን የጻፍኩት ሌላውን ለመጻፍ እጄ ስለፈራ ነው። እዚህ አንድ ቄስ ጠየቅሁ። የእነሱ አቆጣጠር ከእኛ ይለያል፤ የእኛን ስድስት ቤት ስነግራቸው ሳቁ። «ይህማ ዝምድና አይደለም፤ ነገ ላጋባችሁ» አሉኝ። ወደዚህ ነይ። እንደምንም ብዬ መንገድሽን አዘጋጃለሁ። እዚህ ማንም አያውቀንም፣ ማንም አይቆጥረንም።

ተረፈ


ቡታጅራ
ኅዳር 24 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለተረፈ

በቅድሚያ ለጤናህ። ዐሥር ወር ሳልመልስልህ ቆየሁ። አባባ ታመው ነበር፤ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ተኝተው ከረሙ። አሁን ተነሥተዋል። ነገር ግን የዘገየሁት በእሳቸው ብቻ አይደለም። ያንን ገጽ ደብተሬ ውስጥ አድርጌ ክፍል ስገባም፣ ስወጣም ይዤው ኖርኩ። መልስ ሳይኖረኝ መጻፍ አልፈለግሁም።

መልሴ ይኸው። አልመጣም። ማንም በማያውቀኝ አገር መዳር አልፈልግም። እኔ የተሸማቀቅሁት በአባቴ ግቢ፣ በዘመዶቼ ፊት ነው፤ ቀና የምለውም እዚያው ነው። ለአቶ አለሙም እንቢ ብያለሁ። አባባ ሦስት ቀን አላናገሩኝም፣ በአራተኛው ቀን ውኃ አምጪልኝ አሉ፤ አለቀ።

አሁን ሌላውን ልንገርህ። የአባባ ሽባባውን ቆጠራ በደብተር ጻፍኩት። ተማሪዎቼን ቁጥር ደምሩ፣ ከዚያ ሌላ ሰው ያርምላችሁ እላለሁ፤ ለራሴ ሲሆን እንዴት ሳይታረም ተቀበልኩ? መስከረም ላይ ደብተሬን ይዤ ወደ ቆሼ ከተማ ወረድኩ። እዚያ የአባባ ሽባባው ታላቅ እህት፣ እማማ አሰፋሽ አሉ። ዓይናቸው ፈዟል፤ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። የአያት ቅድመ አያቶቼን ስም አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። «ዘርጋ ጉርሙ» ስል እጃቸውን አነሡ።

«ዘርጋ የጉርሙ ልጅ ነው ያለሽ ማን ነው?»

«አባባ ሽባባው ናቸው።»

«ልጁ አይደለም። የልጅ ልጁ ነው። አባቱ ሰንበቶ ነበር። ሰንበቶ ሚስቱ እርጉዝ ሳለች በወረርሽኝ ሞተ፤ ጉርሙ ልጁን ወስዶ አሳደገው፣ በራሱም ስም አስጠራው። እናታችን ይህን ለእኛ ለሴቶቹ ስታወራ ሽባባው ከብት ላይ ነበር።»

በእኔ በኩልም ሰባት ሞላ፣ ተረፈ።

ይዣቸው ቡታጅራ መጣሁ። እህትና ወንድም በእኛው ግቢ ተቀምጠው ግማሽ ቀን ተከራከሩ። በመጨረሻ አባባ ሽባባው በሰው ሁሉ ፊት፣ «ተሳስቻለሁ» አሉ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ የዚህ አገር ሰው ሁሉ ሲጋባ የሚቆጥሩት እሳቸው ናቸው። ደስታዬን ይዤ ስነሣ ፊታቸውን አየሁት። «እንደ እናንተ የለያየኋቸው ሌሎች ይኖሩ ይሆን?» አሉኝ። እጃቸውን ሳምኩ።

ወይኑን ጥቅምት ላይ እንዳልከው አደረግሁት። ቅጠሉን ስለቅም እማማ አየች፤ ስገርዘው ጎረቤት ሁሉ መጣ። ባዶ ጉቶ ሲቀር አባባ ወደ ቤት ገቡ። በዐሥራ ስድስተኛው ቀን ግን ከተቆረጠው ላይ ጠብ፣ ጠብ ሲል አየሁና ሮጬ ጠራኋቸው። አሁን ቀንበጡ ከክንዴ ይረዝማል።

ከዛሬ ጀምሮ እህቴ አትበለኝ። ና።

ዘርፈሽዋል


ኔሜአ
የካቲት 30 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለውድ ዘርፈሽዋል

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ደጋግሜ አነበብኩት። ለእማማ አሰፋሽ ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ለአባባ ሽባባውም ቅያሜ እንደሌለኝ ንገሪልኝ። ደስታዬን በምን ቃል እንደምገልጸው አላውቅም።

ስለ መምጣቴ፣ ትምህርቱ ጥቂት ይቀረዋል። ፈተናም አለ። እሱ እንዳለፈ ቀኑን እጽፍልሻለሁ። ለሁሉም ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

ተረፈ


ቡታጅራ
ግንቦት 11 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለተረፈ

ጤና ይስጥልኝ። የካቲት ላይ ወይኑ ሁለት ዘለላ ሰጠ። አንዱን ወፍ በላው። ሁለተኛውን አባባ፣ እማማና እኔ ተካፈልን፤ እኔ ዘጠኝ ፍሬ ደረሰኝ። ልጣጩ እንዳልከው ወፍራም ነው፤ ውስጡ ጣፋጭ ነው፤ ጣቴ ላይ የቀረው ቀለም በሳሙና ቶሎ አልለቀቀም።

ደብዳቤህን ለማንም አላነበብኩም። ዐሥር መስመር ነው። ከስድስተኛው መስመር በኋላ አንተ የለህበትም።

ቆጠራው ሲከለክለን ገጽ ሙሉ ትጽፍልኝ ነበር። ቆጠራው ሲነሣ ፈተና አለ አልክ። ጀማሉ መርካቶ ውስጥ ከግሪክ አገር የተመለሰ ተማሪ አግኝቶ ስለ አንተ ጠይቆት ነበር። ልጁ፣ «ተረፈ ከትምህርት ቤት ከጠፋ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው» አለው። ጀማሉ ይህን ለሰማን፣ ሰማን ደግሞ ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ለእኔ ብቻ ነገረኝ። ሌላ የሰማ ሰው የለም።

እዚያ ትዳር ይዘህ ከሆነ ንገረኝ። ታመህ ከሆነ ንገረኝ። የማልችለው ነገር ቢኖር አለማወቅ ነው። ምን ያዘህ?

ዘርፈሽዋል


ኔሜአ
ነሐሴ 2 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለዘርፈሽዋል

ሰላምታ ለመጻፍም አፈርኩ። እንደምን አለሽ?

ትዳር አልያዝኩም። አልታመምኩምም። ወድቄ ነው። በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ፣ በ1957 ሰኔ፣ በቋንቋው አልተፈተንኩም፤ ማለቴ ተፈትኜ ጻፍ የተባልኩትን መጻፍ አልቻልኩም። የትምህርት ዕድሉ ተቋረጠ። ስለ ሻጋታው፣ ስለ ሦስቱ ጠባይ የጻፍኩልሽ ከተባረርኩ በኋላ ነው። «ትምህርቴ ደህና ነው» ያልኩሽ ቀን፣ ማሰሮ የሚያህል መርጫ ተሸክሜ ለሻጋታው ድኝ ስነሰንስ ነበር የዋልኩት።

ስታቭሮስ የሚባሉ ሽማግሌ ቀጠሩኝ። ዳገት ላይ የጊዮርጊስ ወይን አላቸው። ልጆቻቸው ወደ ጀርመን ሄደዋል። የማውቀውን ሁሉ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ የጻፍኩልሽ ሁሉ ከመጽሐፍ አይደለም፤ በእጄ የያዝኩት ነው። መግረዝ ሲያስተምሩኝ ስለቱን አልሰጡኝም ነበር። አንድ የብርድ ወራት ሙሉ ከኋላቸው እየሄድኩ፣ «የትኛውን ትቆርጣለህ?» ሲሉኝ በጣቴ ብቻ አሳይ ነበር። ሁለት መቶ ጊዜ ስሳሳት ሳይቆጡ ይጠብቁኝ ነበር። ትምህርት ቤቱ ግን አልጠበቀኝም።

ወደዚህ ነይ ያልኩሽ ቆጠራውን ፈርቼ ብቻ አልነበረም። እዚህ ያለ ሰው ምን ለመሆን እንደመጣሁ አያውቅም። የቡታጅራ ሰው ግን ሲሸኘኝ መኪናውን ከቦ፣ «ዲፕሎማህን ይዘህ ና» ብሎኛል። ባዶ እጄን በዚያ ጀፎረ ላይ እንዴት እሄዳለሁ? አባባ ሽባባው በዚያ ዕድሜያቸው በሰው ፊት «ተሳስቻለሁ» ማለታቸውን ስትጽፊልኝ፣ ከወይኑ ሥር ተቀምጬ ራሴን ታዘብኩ።

ግንቦት ላይ ደብዳቤሽ ሳይደርሰኝ ወስኜ ነበር፤ ይህን ብታምኚኝ። ለምጽዋ መርከብ ተመዘገብኩ። በሳምንቱ የዐረቦችና የእስራኤል ጦርነት ተነሣና የስዊዝ መተላለፊያ ተዘጋ። መርከቡ ቀረ። በአውሮፕላን ለመምጣት ሁለት አዝመራ መልቀም አለብኝ፤ የዘንድሮውንና የሚቀጥለውን። ጠብቂኝ የማለት ድፍረት የለኝም። የምመጣበትን ጊዜ ብቻ ነገርኩሽ።

ተረፈ


ወልቂጤ
ግንቦት 8 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለተረፈ

እንደምን ከርመሃል? እኔ አሁን የምጽፍልህ ከወልቂጤ ነው። ከጥር ወዲህ እዚህ ተዛውሬ አስተምራለሁ። ከተማዋ ሞቅ ትላለች፤ የጅማ መኪና ሁሉ በደጄ ያልፋል። ሲያልፍ መስታወቱን አያለሁ።

ደብዳቤህ መስከረም ላይ ደርሶኝ ነበር። ስምንት ወር የዘገየሁት በጣም ስለተናደድኩ ነው። መውደቅህ አይደለም ያናደደኝ። ተማሪ ሲወድቅ በየዓመቱ አያለሁ፤ ቤት ገብቶ ይተኛና በማግሥቱ ይመጣል። አንተ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻህን ወድቀህ፣ ለእኔ ስለ ሻጋታ ጻፍክ። ለማን ልትነግር ነበር? ይህን ከጻፍኩ በኋላ ቀለል አለኝ።

ዘንድሮ ወይኑ ሠላሳ አንድ ዘለላ ሰጠ። የካቲት ላይ ለለቀማው ቡታጅራ ሄድኩ። ሰማን አምስቱን ወስዶ ሱቁ ላይ ሰቀለ፤ በገበያው ቀን ሳይጋፋ የቀመሰ የለም፤ ዘሩን እየተፉ፣ «ይህ የየት አገር እንጆሪ ነው?» ይላሉ። ቅጠሉን ግን ሩዝ ጠቅልዬ ብሰጣቸው ማንም አልበላልኝም፤ ለበጎቹ ሆነ። የቀረውን አባባ በሰሌን ላይ ዘርግተው በፀሐይ አደረቁ። ጠዋት ያወጣሉ፣ ማታ ያስገባሉ፣ ዝንብ ሲያዩ ይቆጣሉ። ዘቢቡ ትንሽ ነው፤ ዘር ይበዛዋል፤ ግን ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ነው።

ሚያዝያ 23፣ የጊዮርጊስ ዕለት፣ ቄሰ ገበዙ ለቅዳሴው የእኛን ዘቢብ ጨመቁ። መሥዋዕቱ ወደሚዘጋጅበት ወደ ቤተ ልሔሙ ሴት አትገባምና እኔ ውጭ፣ ከዋርካው ሥር ቆሜ ነበር። ዲያቆኑ ሲወጣ ጣቱን አየሁ፤ ቀይ ነው። «ከሱቁ የሚመጣው ሻይ ነው የሚመስለው፣ እትዬ፤ ይህ ግን...» ብሎ ጣቱን ወደ ብርሃኑ አነሣ። አባባ ከጎኔ ቆመው ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ሲያለቅሱ ያየኋቸው አንድ ጊዜ፣ የአያቴ ቀብር ላይ ነው። ያን ቀን ሁለተኛ ሆነ። «ይህን ያመጣ ልጅ ባዶ እጁን ነው የሚመጣው ያለ ማን ነው?» አሉ። እኔ ነግሬያቸው ነበር፣ ተረፈ። ተደብቄ አይደለም፤ ደብዳቤህን ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው።

ሠላሳ ዓመቴ ሞላ። ዲፕሎማ እየጠበቅሁ አይደለም፤ አንተን ነው። ግን መጠበቅም መጨረሻ ይፈልጋል። እስከ መስቀል እጠብቃለሁ።

ዘርፈሽዋል


አዲስ አበባ፣ መርካቶ
ጥቅምት 14 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለዘርፌ

ይህን የምጽፍልሽ ጀማሉ ሱቅ ውስጥ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። ትናንት ገባሁ። መስቀል አልፏል፤ አውቃለሁ። ዘንድሮ እዚያ በለቀማው መካከል ዝናብ መጣና ፍሬው መበስበስ ጀመረ። ስታቭሮስ ብቻቸውን ነበሩ፤ ጥያቸው መሄድ አልቻልኩም። መስቀል ዕለት ጭቃ ውስጥ ቆሜ ስለቅም ነበር የዋልኩት፤ ቀኑን እየቆጠርኩ። ልጽፍልሽ አስቤ ደብዳቤው ከእኔ በኋላ እንደሚደርስ ሳውቅ ተውኩት።

ዲፕሎማ የለኝም። ያለኝ አንድ የመግረዣ ስለትና ሁለት ሸሚዝ ነው። እጄ ተበላሽቷል፤ ፊቴም ጠቁሯል፤ ጀማሉ መጀመሪያ አላወቀኝም። ቀጠሮው ካለፈ በኋላ ሌላ መልስ ሰጥተሽ ከሆነ አልፈርድብሽም። ይህን ወረቀት የወልቂጤው አውቶቡስ ሾፌር ያደርስልሻል፤ መልስሽን በእሱ እጅ ላኪልኝ። ና ካልሽኝ ቅዳሜ እመጣለሁ። ግን አንድ ነገር ልለምንሽ። በደጅ አትቀበዪኝ። ሰው ሳያየኝ በፊት አንቺ ብቻ እንድታዪኝ እፈልጋለሁ።

ተረፈ


ወልቂጤ
ጥቅምት 15 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለተረፈ

ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ስለሚጠብቀኝ አላረዝምም።

መስቀል ዕለት ቡታጅራ ነበርኩ፤ ጀፎረው ላይ እስኪመሽ ቆሜ ነበር። በማግሥቱ ተናድጄ ወደዚህ ተመለስኩ። አሁንም ተናድጃለሁ፤ ስትመጣ እነግርሃለሁ። ሌላ መልስ ግን ለማንም አልሰጠሁም።

ቅዳሜ ትምህርት የለም። አውቶቡሱ ሰባት ሰዓት ገደማ ይደርሳል፤ የገበያ ቀን ስለሆነ ሰው ይበዛል። ከመቆሚያው ላይ፣ ፊት ለፊት ነው የምቆመው። ሰው ቢያየን ይየን።

ዘርፈሽዋል